ጭላዳው እየሳቀላችሁ አይደለም

ሰሞኑን ደሴ ላይ በተካሄደ የቱሪዝም ውይይት አንድ ተናጋሪ ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ ተይዞ በከተማው ዳርቻ በአጥር ውስጥ ለጎብኚ ይታይ ሲሉ ሰማሁ። በዚህ ቢያበቁ ዝም ባልኩ። ያንገበገበኝ ምክንያታቸው ነው። ዝንጀሮ ሰው ይወዳል፣ ሰው ሲሰበሰብለት ጥርሱን አሳይቶ ይስቃል አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ።

ጭላዳ አይስቅም። የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ሲፈራና ሲጨነቅ ነው። ነጣ ያለውን የዓይኑን ቆብ ገልጦ ሲያፈጥ ደግሞ እያስፈራራ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ከብት የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል። በፍርሃት የተገለጠን ጥርስ ሳቅ ነው ብሎ ቲኬት መቁረጥ ነውር ነው!

ይህ ስህተት ሰው አስነክሷል። ኔዘርላንድ፣ ሮተርዳም መካነ አራዊት ውስጥ ቦኪቶ የሚባል ጎሪላ ነበር። አንዲት ሴት እየተመላለሰች ዓይን ዓይኑን እያየች ትስቅለታለች፤ እሱም መልሶ የሚስቅላት ይመስላታል። እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2007 ውሃ ያለበትን ቦይ ተሻግሮ ወጣና ክፉኛ አቆሰላት። ከዚያ በኋላ ለጎብኚዎች ምን ታደለ? ዓይን ወደ ጎን የሚያይ የሚያስመስል የወረቀት መነጽር።

ወሎ ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። እንግዳ ሲገባ ዓይንህን ስበር ተብለን ነው ያደግነው፤ ታላቁ ላይ የሚያፈጥ ልጅ ቁንጥጫ ይቀምሳል። ለእኛ ለአንድ አፍታ የሚከብደን ፍጥጫ፣ ከጠዋት እስከ ማታ በሰልፍ ሲመጣ መሸሸጊያ ለሌለው ፍጥረት እንዴት ደስታ ይሆናል? ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት መካነ አራዊት ያሉ ጎሪላዎች ተጠንተዋል። ጎብኚ ሲበዛ እርስ በርስ መጣላታቸው፣ ያንኑ እንቅስቃሴ ደጋግመው መመላለሳቸው ጨመረ። በመመልከቻው መስታወት ላይ ወታደር የሚሸፈንበት ዓይነት መረብ ሲጋረድ ግን ረገብ አሉ። የተቀነሰላቸው የሰው ዓይን ነው። እንግሊዝ፣ ቼስተር መካነ አራዊት ውስጥ ደግሞ ጎብኚው ሲንጫጫ የጎሪላ ዘመድ የሆነው የኦራንጉታን ግልገሎች ትልልቆቹ ላይ ይለጠፉ ነበር። ጭላዳ ጎሪላ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። አዎ አይደለም፤ ፍርሃቱ ግን ያው ፍርሃት ነው።

እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወደ ሐይቅ ስንሄድ ምሳ የበላንበት ግቢ ውስጥ አንዲት ጦጣ ወገቧ ላይ በገመድ ታስራለች። ገመዱ ያረፈበት ቦታ ጠጉሯ አልቆ ቆዳዋ ቀልቷል። ልጆች የብስኩት ላስቲክ ይወረውሩላታል፣ ትልልቆቹ ስልክ ደቅነው ያፏጩባታል። እሷ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። አንድ ሰው ተመልከቷት፣ እየጨፈረች ነው አለ። ምሳው አልወረደልኝም።

በሰው እጅ ያደገ፣ ሰውን የለመደ እንስሳ እንዳለ አልክድም። ከገደል የተያዘ ጭላዳ ግን ከዚያ አይቆጠርም። እሱ ቀኑን ሙሉ ሳር ሲነጭ ይውልና ሲመሽ ማንም ወደማይከተለው የገደል እርከን ይወርዳል። ሳይታይ የሚያድርበት ገደል አለው፤ አጥሩ የሚነጥቀው ይህንን ነው። በሳር ምትክ ጎብኚው ሙዝና ዳቦ ሲወረውርለት ሆዱ ምን እንደሚሆን ያሰበም የለም።

ጭላዳ ማየት የሚፈልግ እዚሁ ደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለለት። መንገዱ ይሠራ፣ ለአካባቢው ወጣት የአስጎብኚነት ሥራ ይሰጠው። በማለዳ ከአፋፉ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ፀሐይ ስትሞቅ እናቶቹ ግልገሎቻቸውን አዝለው ከገደሉ ይወጣሉ፤ ካልፈለጉም ተመልሰው ይወርዳሉ።