ያለ ንባብ አንባቢ የመሆን ጥበብ

የባሕር ዳር ነዋሪ በንባብ ወዳድነቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ እስካሁን ተገቢው ምስጋና አለመቅረቡም ያስቆጫል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጣና ዳር ካሉት መዝናኛዎች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ መጽሐፉን ከቡና ስኒው አጠገብ በጥንቃቄ አስቀምጦ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ ሐይቁም መጽሐፉም ስኒውም በአንድ ፎቶ እስኪገቡለት የሚታገል አንባቢ ማየቱ አይቀርም። መጽሐፉ የሚገለጠው ከመካከሉ ነው፤ ከመጀመሪያው ቢገለጥ ባለቤቱን ጀማሪ ያስመስለዋልና። ፎቶው እንዳበቃ መጽሐፉ ተከድኖ ወደ ቦርሳው ይመለሳል፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜም እንደ አዲስ ያገለግላል። መጽሐፍን እንዲህ የሚንከባከብ ሰው ከወዴት ይገኛል? የሚያነቡት እኮ ገጹን ያጥፉታል፣ በእርሳስ ያሰምሩበታል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከደረሱ ደግሞ ሽሮ ያንጠባጥቡበታል።

ከፎቶው ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ በየኪሳችን የያዝነው ቤተ መጻሕፍት ነው። በቴሌግራም የተለቀቀውን ፒዲኤፍ ሁሉ የሚያወርድ፣ ደራሲው ፈቀደ አልፈቀደ፣ ገጹ ተንጋደደ ተቆረጠ ብሎ የማይጨነቅ ለጋስ ሰብሳቢ በየሰፈሩ አለ። ይህን ዕድል ላላገኙት ለጥንቶቹ ጸሐፊዎች ከልብ አዝናለሁ። በጣና ደሴቶች ላይ ባሉት ገዳማት፣ በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ፣ ተጠብቀው የኖሩትን የብራና መጻሕፍት ያዘጋጁት ሰዎች ቆዳውን ነክረው፣ ወጥረውና ፍቀው፣ መስመሩን በወስፌ ጫፍ ለይተው፣ በመቃ ብዕር ቃል በቃል ይገለብጡ ነበር፤ ጥቁሩን ቀለም ለሌላው ጽሑፍ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስም እየለዩ፣ አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ ወራት ይፈጁ ነበር። ከድካሙ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሚገለብጡትን ማንበብ ግድ የሆነባቸው መሆኑ ነው። የዘመናችን ሰብሳቢ ግን ከዚህ ቀንበር ነጻ ወጥቷል፤ ባጃጅ እስኪሞላ ድረስ መቶ መጽሐፍ ያወርዳል፣ ከመቶው አንዱንም ከፍቶ የማየት ዕዳ የለበትም። ስልኩ ሞልቶ አልቀበልም ሲለው የሚያጠፋውም መጽሐፉን አይደለም፣ የዘመዶቹን ፎቶ ነው። ለዕውቀት ይህን ያህል መሥዋዕት የከፈለ ትውልድ ከዚህ በፊት አልታየም።

ጥበቡ ወደ ፍጹምነት የሚደርሰው ግን በመጽሐፍ ምርቃት ዕለት ነው። አዳራሹ ይሞላል፣ የክብር እንግዶች ከፊት ይቀመጣሉ፣ ዋሽንትም ይነፋል። መጽሐፉን እንዲገመግሙ የተጋበዙት ምሁር ጊዜ ስላጠራቸው እንዳልጨረሱት በትሕትና ከገለጹ በኋላ ለሃያ ደቂቃ ያህል ስለ ደራሲው ቅን ልቦና፣ ስለ ሽፋኑ ውበትና ስለ ወረቀቱ ጥራት ይናገራሉ፤ አንብበውት ቢሆን ኖሮ ስለ ይዘቱ ለመናገር ይገደዱና ደራሲውን ያስቀይሙት ነበር። ጓደኞቹም በተራ እየተነሡ ይህን መጽሐፍ ያላነበበ እንዳልኖረ ይቈጠራል እያሉ ይመሰክራሉ። መቼም መጽሐፉ ለሽያጭ የቀረበው ገና ያን ዕለት ከመሆኑ አንጻር ምስክርነቱ ነቢይነት የተጨመረበት ነው። በመጨረሻ ኬክ ይቈረሳል፣ ሰልፍ ተይዞ ይፈረማል፤ የተፈረመበትም መጽሐፍ በየቤቱ ተወስዶ ቡፌ ውስጥ፣ ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎች ጎን፣ የክብር ቦታውን ይይዛል።

ስለ ጽሕፈት ችሎታችን ማደግ ደግሞ ጎጃም ይመስክር። በዚህ አገር የአብነት ተማሪ ፊደል ቈጥሮ፣ ከቁጥር ንባብ እስከ ቁም ንባብ ያለውን ተወጥቶ፣ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ከደገመ በኋላ ቅኔ ቤት ይገባል፤ ገብቶም የሚጀምረው ጉባኤ ቃና ከሚባለው ከሁለት ቤት ቅኔ ነው። ሁለት ቤት ብቻ! እርሷን ለመቋጠር ከሰው ተለይቶ ሲያሰላስል ይውላል፤ ያመጣትንም ከመምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራታል፣ መምህሩም ካልጣማቸው ያፈርሱበታል፣ እርሱም ተመልሶ ይቋጥራል። እንዲህ ያለውን የጊዜ ብክነት ያስቀሩልንን የዛሬዎቹን ገጣሚዎች ማመስገን ይገባል፤ የሌላውን ሰው ግጥም ሳያነቡ፣ የራሳቸውንም ሳይደግሙ፣ በክረምቱ መግቢያ አስበው በመስከረም መድበል ያወጣሉ። የማያነቡበትንም ምክንያት ሲጠየቁ፣ የሌላ ሰው ተጽዕኖ እንዳያርፍብኝ ብዬ ነው ይላሉ። በእውነቱ ከሆነ፣ እስካሁን ካነበብኩላቸው በመነሣት ምንም ዓይነት ተጽዕኖ እንዳላረፈባቸው በሙሉ ልብ ልመሰክርላቸው እችላለሁ።

የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎችንም አልረሳም። «የንባብ ባህልን ከማጎልበት አንጻር ግንዛቤ የማስጨበጥ ሥራ በተጠናከረ መልኩ እየተሠራ ይገኛል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማን እንደ ሠራ፣ ምን እንደ ሠራ፣ መቼ እንደሚያልቅ የሚጠይቅ ኦዲተር እስከ ዛሬ አልተወለደም።

ከሁሉ በላይ ግን ምስጋናዬ ለወላጆች ነው፤ ንባብን ለልጅ የማስወደዱን ረቂቅ ዘዴ ያገኙት እነርሱ ናቸውና። ልጁ ሥራውን በሚገባ ከፈጸመ ቴሌቪዥን ይከፈትለታል፣ ስልክ ይሰጠዋል፤ ብርጭቆ ከሰበረ ወይም እኅቱን ከመታ ግን «ና! እዚህ ቁጭ ብለህ አንብብ!» ይባላል። በዚህ ዓይነት ዓመት ሁለት ዓመት የሠለጠነ ልጅ መጽሐፍ ባየ ቁጥር ምን አጥፍቼ ይሆን ብሎ ኅሊናውን መመርመር ይጀምራል፤ ሥነ ምግባርና ንባብ በአንድ ጊዜ ተገበዩ ማለት ነው። አባትም ከጎኑ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ፣ ሌሎች ሰዎች በሐይቁ ዳር ከመጽሐፍ ጋር የተነሡትን ፎቶ በጣቱ እየገፋ፣ ቀና ሳይል «ድምፅህን አሰማ እንጂ!» እያለ ይከታተለዋል። አልፎ አልፎ ግን ከሥርዓቱ የሚያፈነግጥ ልጅ አይጠፋም። ምንም ሳያጠፋ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ወንበር ስቦ ወደ ቡፌው ይንጠራራና ያንን መጽሐፍ ላንብበው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ እናት ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ ነገሩን በአጭሩ መቅጨት አለባት፦ «ተው! አትንካው፣ ፊርማ አለበት!»