ፍራንክ ኦፐንሃይመር የሮበርት ወንድም ብቻ አልነበረም

ስለ ሳን ፍራንሲስኮው የሳይንስ ሙዚየም ስለ ኤክስፕሎራቶሪየም የቀረበው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ መሥራቹን ግን የታዋቂው የአቶሚክ ቦምብ ሳይንቲስት «የሮበርት ኦፐንሃይመር ወንድም» ብሎ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ፍራንክ ራሱ የፊዚክስ ተመራማሪ ነበር፤ አሜሪካ የአቶሚክ ቦምብ በሠራችበት በማንሃታን ፕሮጀክትም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1949 ቀድሞ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል እንደነበር በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ሲያምን ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሥራው እንዲለቅ ተገደደ። በሩ ሁሉ ሲዘጋበት ኮሎራዶ ገብቶ ከብት ማርባት ጀመረ።

ለእኔ የሙዚየሙ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ሲያስተምር ተማሪዎቹን ወደ ቆሻሻ መጣያ ወስዶ በአሮጌ የማሽን ክፍሎች ያስተምራቸው ነበር። ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ሲገባም ተማሪው እንደፈለገው እየገባ የሚሞክራቸውን የሙከራ መሣሪያዎች ሠራ። በ1969 የተከፈተው ኤክስፕሎራቶሪየም የዚህ ሁሉ ውጤት ነው። «አትንኩ» የሚል ሙዚየም አይደለም፤ ጎብኚው ራሱ ይነካል፣ ያዞራል፣ ይሞክራል። መሣሪያዎቹ የሚሠሩበት ወርክሾፕ እንኳ ለጎብኚ ክፍት ነበር! እስኪሞት፣ እስከ 1985፣ የመራውም እሱ ነው።

ጸሐፊው የኮሎራዶውን ዘመን በሌላ ጽሑፍ ሰፋ አድርገው ቢያቀርቡልን፣ በተለይ ለእኛ ለመምህራን፣ ትልቅ ውለታ ነው።