ማስተካከያ፦ ሮኬት ታንክን እንዲህ በቀላሉ አይመታም
ባለፈው ሳምንት ደሴ ላሉ የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ ወዳጆች ስጽፍ፣ ዳይሱ 4 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ የአውሮፕላን ሮኬት ታንክ ያወድማል፣ ይህም እውነታውን ይመስላል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1944 ፈረንሳይ ውስጥ ሞርታን ላይ የታይፉን (የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን) አብራሪዎች ብዙ ታንክ መታን አሉ። በኋላ መርማሪዎች ሜዳው ላይ ወርደው ሲቆጥሩ በሮኬት የተመታው ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ሮኬት ይስታል። ትልቁ ሥራው ማስደንገጥ ነው፤ አንዳንዱ የታንክ ሠራተኛ ደህናውን ታንክ ጥሎ እግሬ አውጪኝ ብሏል። ስለዚህ ለታንክ 6 ብቻ ይሁን፤ ሮኬቱ ከሳተ ግን የሞራል ፈተና (ሠራተኞቹ ደንግጠው ይሸሹ እንደሆነ የሚለይ ዳይስ) ይጣል። ለጭነት መኪና የድሮው ሕግ ይቆይ፣ ቆርቆሮ ነው።

ሌላም አለ። ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው ያኔ እንደጻፍኩት በ1929 ሳይሆን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የደሴ ልጅ ሆኜ ይህን መሳቴ፣ ኧረ ያሳፍራል!