ጉቶ አክባሪዎቹ

ቅርስ መጠበቅ ከእንግሊዞች ይማሯል። በመካከለኛው ዘመን በመንደሩ፣ በገበያውና በመንገዱ ዳር ከ12,000 በላይ የድንጋይ መስቀሎች ነበሯቸው ይባላል። ዛሬ የተረፉት ከ2,000 ያንሳሉ። ያውም ራስ ያለውም የሌለውም ተደምሮ። ያን ሁሉ መስቀል ማን ይጠብቀዋል? መጀመሪያ ቁጥሩን ቀነሱት። ይህ ነው በጀት ማወቅ።

ሲያፈርሱም በወግ በወጉ ነው። በ1643 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) የለንደኑ የቺፕሳይድ መስቀል ሲናድ ከበሮ ተመታ፣ መለከት ተነፋ፣ ሕዝቡ ቆቡን ወደ ሰማይ ወረወረ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ፓርላማው መስቀልና ሥዕል ሁሉ ይነሳ ብሎ አወጀ። ንጉሥ ኤድዋርድ ለሟች ሚስቱ ለኤሊኖር ያቆመው፣ ቻሪንግ ክሮስ የተባለው የለንደን መስቀልም በ1647 ተራው ደረሰው። የልጅ ልጆቻቸው ታዲያ በ1865 ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አዲስ አቆሙ። ቦታው የቀድሞው አይደለም፤ ለተሳፋሪ ግን ይመቻል።

በየመንደሩ ደግሞ ራሱ ተሰብሮ ምሰሶው የቀረ ሞልቷል። አንዳንዱ ላይ በመስቀሉ ፋንታ የፀሐይ ሰዓት ተከሉበት። ጸሎቱ ቢቀርም ሰዓት ታወቀ።

አሁን ያንን ጉቶ ንካና እየው! በ1979 በወጣው ሕግ የተመዘገበ ከሆነ፣ ልጠግነው ብለህ ሲሚንቶ ይዘህ ብትጠጋ እንኳ የመንግሥት ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልግሃል። ያለ ፈቃድ ከነካኸው ወንጀለኛ ነህ። ራስ በነበረው ጊዜ ይህን ክብር መች አየው?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚል ምቀኛ አይጠፋም። ጅቡም ውሻውም አንድ ቤት ያደጉ መሆናቸውን ስላላወቀ ነው።

የእኛዎቹማ ዕድለኞች ናቸው። በ1868 ከመቅደላ ከተጫኑት መስቀሎች አንዳንዶቹ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል። ማንም ራሳቸውን አልሰበረም፣ የፀሐይ ሰዓትም አልተከለባቸውም። መልሱልን ስንል የ1963ቱ የሙዚየም ሕግ አይፈቅድም ይሉናል። ሕግ አክባሪ ሕዝብ! በአንድ አዋጅ መስቀል ያስፈረሰ ፓርላማ፣ በአንድ አዋጅ መስቀል ማስመለስ እንዴት ይቻለዋል?