ይድረስ ለፍሬኔ ዛር

ከመኪናዬ የፊት ጎማ ሥር ለሰፈርከው፣ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ለምትነሣው፣ ለተከበርከው እንቅጥቅጥ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከአንተ በስተቀር ደህና ነኝ።

አስቀድሜ ስለ አመጣጥህ ላመስግንህ። ሌላ ቀን ጠፍቶ፣ አማቴን ከአዳማ ይዤ ስመለስ ፈጣን መንገዱ ላይ፣ የክፍያ ጣቢያው ሲቃረብ ተነሣህ። መሪው እጄ ላይ እስክስታ ወረደ። እማማ ከኋላ ሆነው «ልጄ፣ መኪናህን ቆላ አውርደህ ወባ አስያዝካት እንዴ?» አሉ። እሳቸው በልጃቸው ምርጫ ላይ ድሮም ጥርጣሬ ነበራቸው፤ አንተ ደግሞ ማስረጃ አቀበልካቸው።

የአፌ ጥፋት መሆኑን አልክድም። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጣ አውቶሞቢል አገር እንዳይገባ ሲከለከል ኤሌክትሪክ ከገዙት አንዱ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ቡና ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረኝም። «እኔ እኮ ፍሬን አልረግጥም! እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሣ ራሷ ትይዛለች» እላለሁ። (ጠብታ ነዳጅ በሌላት መኪና ያንን ፔዳል ዛሬም ነዳጅ መስጫ ነው የምንለው፤ ምን ይደረግ።) ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፣ ፍጥነቷን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ለባትሪው ይመልሳል፣ የፍሬን ሸራውን የልጅ ልጄ ነው የሚቀይረው… ለካ አንተ ከጎማው ጋር እየዞረ ሸራው የሚጨብጠው የብረት ዲስክ ላይ ተቀምጠህ ትሰማኝ ነበር። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል፤ ሥራ ያጣ ዲስክ ደግሞ ይዝጋል።

ከያዝከኝ ወዲህ ያልዞርኩበት አዋቂ ቤት የለም። ጎሚስታው «ባላንስ ነው» አለ፤ አራቱንም ጎማ አሠርቼ ከፈልኩ፣ አንተ ግን ንቅንቅ አላልክም። ይቅርታ፣ ተነቃነቅህ እንጂ አልሄድክም። ባስብበት ኖሮ ያኔውኑ በገባኝ፤ ባላንሱ የተበላሸ ጎማ ፍሬን ቢያዝም ባይያዝም ይንቀጠቀጣል፣ አንተ ግን ፔዳሉ ካልተነካ ጨዋ ነህ። ሁለተኛው ጋራዥ ጎማውን እንኳ ሳያወልቅ «ዲስኩ ጠሟል፣ ሁለቱንም ቀይር» ብሎ ዋጋ ጠራ፤ ያን ጊዜ እኔም ተንቀጠቀጥኩ። ሦስተኛው ከበር መለሰኝ፦ «ኤሌክትሪክ አንነካም፣ ይይዛል»። መቼም እስካሁን የያዘኝ አንተ ብቻ ነህ። ጎረቤቴ «ሶፍትዌር ነው» አለ። እሱ ፍሪጁ ውሃ ሲያፈስም ሶፍትዌር ነው ያለው።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተገኙ። ጋሼ ኮምፒውተር አልሰኩም፣ ዋጋም አልጠሩም። ዛር እንደሚያናግር ሰው በጥያቄ ያዙህ፦ የት ያዝካት? መቼ መቼ ትነሣባታለህ? በምን ትለቃታለህ?

የመጀመሪያውን ቀለበት መንገድ ላይ መለስክ። በ80 እየሄድን እግሬን ብቻ አነሣሁ፤ ሞተሩ መኪናዋን ይዞ አዘገያት፣ አንተ ዝም። እንደገና 80 ስንደርስ፣ ሞተሩ እጁን እንዲያወጣ ኑትራል አደረግሁና ፔዳሉን ቀስ ብዬ ረገጥኩ። ጉድህ ወጣ! «ሞተሩ ንጹሕ ነው፣ ፍሬኑ ነው» አሉ ጋሼ። «ደግሞ የሚጨፍረው መሪው ነው፣ መቀመጫህ አይደለም። እንግዲያስ ፊት ነው ያለው።»

ጎማው ሲወልቅ ፊት ለፊት ተያየን። ዲስኩ ላይ የሸራው ቅርጽ እንደ ማኅተም ታትሟል። ነሐሴ ላይ አገር ቤት ስሄድ መኪናዋን ሁለት ሳምንት ዝናብ ላይ አቁሜያት ነበር። ዲስክ ብረት ነውና በአንድ ሌሊት ዝናብም ይዝጋል፤ የቤንዚን መኪና ግን ጠዋት ከሰፈር ሳትወጣ በሁለት ፍሬን ጠርጋ ትጥለዋለች። የኔዋ ፍሬን አታውቅም፤ ባለቤቷ ቡና ቤት ውስጥ ምሎላታል። ዝገቱ እየከረመ ዲስኩን አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ሳሳ አደረገው። ለካ መሪ ለማስጨፈር የ0.02 ሚሊሜትር ልዩነት ይበቃል። የራስ ፀጉር ከዚህ ሁለት ሦስት እጥፍ ይወፍራል፤ አማቴ ፊት ያዋረድከኝ በዚህችው ነው።

ግብረ አበርም ነበረህ። ዲስኩ የሚቀመጥበት ሞዞ ዝጎ ቅርፊት አውጥቷል፤ ጎሚስታው ደግሞ ቡሎኖቹን በአየር መፍቻ አንዱን እንደ ጠላት አንገት አንቆ፣ ሌላውን ላላ አድርጎ ነው የላከኝ። እንዲህ የታሰረ ዲስክ ሲዞር ወዲህ ወዲያ ይላል። ዳያል ጌጅ የሚባለው ባለ መርፌ መለኪያ ቢገጠምበት መርፌው 0.09 ሚሊሜትር ተወዛወዘ፤ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው 0.05 አካባቢ ነው። ሞዞው በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ዲስኩ ሲመለስ 0.04 ሆነ። አዲስ ዲስክ ግዛ ከተባልኩበት ጣጣ እኩሌታው በብሩሽ አለቀ።

ለተረፈው ጥቁር ዶሮና ሽቶ አልጠየቅህም፤ ቶርኖ ቤት ብቻ ውሰዱኝ አልክ። ዲስኩ በስሱ ተላጠ፤ ጠርዙ ላይ ከተጻፈው ውፍረት በታች እንዳይወርድ ጋሼ ከማሽኑ አጠገብ አልተነሡም። ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው የካሊፐሩ ፒኖች ግሪስ ተቀቡ፣ ቡሎኖቹ በመስቀለኛ፣ ጥብቀቱን በሚለካው መፍቻ፣ በቶርክ ሬንች ታሰሩ።

እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ባለበት፣ ኑትራል እያደረግሁ ከ60 ወደ 10 አሥር ጊዜ ያህል ፍሬን ያዝኩ። ጨርሼ ግን አልቆምኩም፤ የጋለ ዲስክ ላይ ሸራ ተጭኖ ከቆመ ማኅተሙን መልሶ ያትማልና። በሦስተኛው አጉረመረምክ፣ በስድስተኛው ለዘብክ፣ በአሥረኛው ዝም አልክ።

እንግዲህ ግብርህን ቆርጬልሃለሁ፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ በኑትራል፣ አራት አምስት ጠንከር ያለ ፍሬን። ቡና ቤት ውስጥም ስለ ሸራና ስለ ልጅ ልጅ ማውራት ትቻለሁ። አንተም በበኩልህ አንድ ነገር አድርግልኝ፤ ለገና እማማን ላመጣ አዳማ እወርዳለሁ፣ የክፍያ ጣቢያው ጋ ስንደርስ አደራ።

አክባሪህ፣
ባለ መኪናው

ግልባጭ፦
ለጎሚስታው (ስለ ቡሎኑ)
ለጎረቤቴ (ሶፍትዌር ስላለመሆኑ)
ለአማቴ (እንዳይደርሳቸው)