ሞተሩን ማን ይጠግነዋል?

ባለፈው በጋ ውተት ዓባይ አካባቢ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር። አጎቴ ከግልገል ዓባይ ውኃ በሞተር እየሳቡ ሽንኩርት ያለማሉ። የደረስኩ ዕለት ሞተሩ ቆሟል። ጠጋኝ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ሦስት ቀን ሄደ። ሽንኩርቱ ጠወለገ። ሰውዬው መጥቶ ካንዴላውን ነቀለ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበ፣ አንድ ያለቀ ጎማ ቀየረ። ሥራው በሙሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ከሞተሩ ፊት ለፊት፣ ዛፍ ጥላ ሥር የሚውሉ አራት ልጆች ነበሩ። ሁሉም 12ኛ ክፍል ጨርሰዋል። አንዱ «ጋሼ፣ እዚህ ምን ሥራ አለ? ወይ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ልውረድ፣ ወይ አዲስ አበባ ልግባ እንጂ» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሥራው እኮ ፊቱ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል። እጁን ያፍታታለት ሰው ግን የለም።

በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ከፊሎቹን ሪሚዲያል፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ተቀብሏቸዋል። በአማራ ክልላችንማ በጸጥታው ችግር ከትምህርት ገበታ የራቁትም ብዙ ናቸው። የቀሩት ወዴት ይሂዱ? ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። ወላጅ ግን ልጁን ወደዚያ ሲልክ አንገቱን ደፍቶ ነው። አንዲት የማውቃቸው እናት «አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ብየዳ ሊማር ነው?» ብለው አልቅሰዋል።

ይህ ንቀት ዛሬ የመጣ አይደለም። ማረሻችንን የሚሠራልንን ቀጥቃጭ፣ ጋቢያችንን የሚሸምንልንን ሸማኔ ስንንቅ ኖረናል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ቀነሰ እንጂ ንቀቱ አለ። ደግሞም ሙያ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም ሲከፈት የብረት ሥራ፣ የእንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ የእርሻ መሣሪያና ጨርቃጨርቅ ያስተምር ነበር። ያኔ እዚያ መግባት ክብር ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ በወላጅ ላይ አልጥልም። ሥልጠናው ራሱ ከመንደሩ ሥራ ጋር አይተዋወቅም። መመሪያው ሠልጣኙ 70 በመቶውን ጊዜ ሥራ ቦታ ላይ፣ 30 በመቶውን ኮሌጅ ውስጥ ይማር ይላል። ያነጋገርኳቸው ልጆች ግን ጋራዥ ተልከው መጥረጊያ ይዘው ነው የዋሉት። ባለ ጋራዡ ውድ ዕቃውን ጀማሪ እንዲነካበት አይፈልግም፤ እሱም ልክ ነው፣ ቢሰበርበት የሚከፍለው የለም። ለሚያስተምር ባለሙያ ትንሽ አበል ቢከፈለው፣ ለመለማመጃም አሮጌ ሞተር ቢሰጠው ነገሩ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

የሥልጠና ዘርፉም ሲመረጥ አካባቢው ይጠየቅ። ሜጫ ውስጥ የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር ያለማል። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ትራክተሩ፣ ኮምባይነሩ፣ ወፍጮው፣ ባጃጁ፣ የውኃ ሞተሩ በየቀኑ ይሰበራል። እኛ ግን በየከተማው አካውንቲንግና አይሲቲ የተማሩ፣ ቢሮ እስኪከፈትላቸው የሚጠብቁ ልጆች እናበዛለን።

ሌላም አለ። ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ያለፈው ልጅ ወረቀት ይዟል፤ መፍቻ ግን የለውም። ከዚያ «አምስት ስድስት ሆናችሁ ተደራጁና ብድር ውሰዱ» ይባላል። የማይተዋወቁ ልጆች ይደራጃሉ፤ ብሩ ሲመጣ ይጣላሉ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሰጠው ብር ሳይሆን ሙሉ የመፍቻ ሳጥን ነው። በዱቤ፣ በስሙ፣ እየሠራ የሚከፍለው።

ሥልጠና ብቻውን ሥራ አይፈጥርም። መንገድ ከተዘጋ መለዋወጫ አይገባም፣ ገበሬውም ሽንኩርቱን አይሸጥም። ሰላም የሌለበት ቦታ ጋራዥም አይከፈትም። ይህን ለልጆቹ መደበቅ አልፈልግም።

ያን ዕለት ጠጋኙ ሲሠራ ከአራቱ ልጆች አንዱ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ሲያይ ቆየ። ሰውዬው ዕቃውን ሰብስቦ ሊሄድ ሲነሣ ልጁ ሳጥኑን ተሸከመለትና እስከ መንገዱ ሸኘው። ሲለያዩ «ይሄ መፍቻ ስንት ይሸጣል?» ብሎ ጠየቀው።