ሂሳብ ሲጠየቅ ተመልካች መቁጠር

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ፕሮግራም እያየሁ ነበር። እንግዳው ባለሥልጣን ናቸው። ትልቅ ዓለም አቀፍ ውድድር ለማምጣት መንግሥት ሙሉ ድጋፍ እንደሚያደርግ አበሰሩን። ቱሪስቱ ይጎርፋል ተባለ። ጋዜጠኛው ደፈር ብሎ «ወጪውስ ስንት ነው?» አላቸው። መልሳቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «በቢሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየናል!»

ይሄ ነገር አንጀቴን ያሳርረዋል። ስለ ወጪ ስትጠይቅ ተመልካች ይቆጥሩልሃል። ቆይ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ጨዋታ የሚያይ ሰው ቱሪስት የሚሆነው መቼ ነው? እኔ ራሴ በቴሌቪዥን ያላየሁት አገር የለም። የአንዱንም ሆቴል ደጃፍ ግን አልረገጥኩም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት እንዴት እንደምወደው! ሰው ሁሉ የሚቆጨው ስለ ወተቱ ነው። እኔ ግን ላሚቱን አከብራታለሁ። ገለባ አትጠይቅ፣ በረት አትፈልግ፣ እረኛ አታስቀጥር። ምናለ ስታዲየምም እንደሷ በሆነ! ማናውስን እንውሰድ። በአማዞን ጫካ መሃል ላለችው ለዚህች የብራዚል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ከ40 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተሠራላት። የተካሄደበት አራት ጨዋታ ነው። ከተማዋ ደግሞ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ የሚጫወት ክለብ አልነበራትም። እንግዶቹ ሄዱ፤ ሣሩ ግን ውሃ መጠጣቱን አልተወም። ለዚያው ዋንጫ የተሠራው የዋና ከተማዋ የብራዚሊያ ስታዲየም ግቢ ደግሞ በዓመቱ የአውቶቡስ ማቆሚያ ሆነ። አውቶቡሶቹ ቢያንስ በየቀኑ ይመጣሉ።

ከሁሉም የሚበልጡብኝ ግን የካናዳዋ ሞንትሪያል ከንቲባ የነበሩት ዣን ድራፖ ናቸው። ለ1976ቱ ኦሎምፒክ ሽር ጉድ ሲሉ፣ ወንድ ሊወልድ እንደማይችል ሁሉ ኦሎምፒክም ሊከስር አይችልም ብለው አረፉት። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ2006 ነው። ሠላሳ ዓመት! ከከፋዮቹ መካከል እነማን እንዳሉ ታውቃላችሁ? አጫሾች። ከተማዋ ያለችበት የኩቤክ ክፍለ ሀገር መንግሥት ለዚሁ ብሎ ትምባሆ ላይ ልዩ ግብር ጣለ። የሯጮቹ ድግስ በአጫሾች ሳንባ ተወራረደ።

ከስፖርት ባለሥልጣናት ጋር እኔም የቆየ ቂም አለብኝ። ለአንዳቸው አጀብ መንገድ ተዘግቶ ከሥራ ቀርቻለሁ። ሰውየው የሮጡት ነገር የለም፤ በመኪና ነው ያለፉት። አለቃዬ ይህን ምክንያት እስከ ዛሬ አላመነኝም። ስለዚህ ኦስሎ ያደረገችውን ስሰማ ቅቤ ጠጣሁ። ለ2022ቱ የክረምት ኦሎምፒክ እየተወዳደረች ሳለ፣ ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ለአባላቱ የሚጠይቀው መስተንግዶ በጋዜጣ ወጣ። ከመክፈቻው በፊት ከንጉሡ ጋር ኮክቴል ሁሉ ነበረበት። የኖርዌይ መንግሥት በ2014 ለወጪው ዋስትና አልሰጥም አለ፤ ኦስሎም ከፉክክሩ ወጣች። ይሄም ድጋፍ ነው እንግዲህ፣ ለግብር ከፋይ።

አሁን «ቱሪስቱን ረሳኸው» የሚለኝ አይጠፋም። አልረሳሁትም፤ እሱ ነው የቀረው። ለንደን በ2012 ኦሎምፒክ ባዘጋጀችበት ኦገስት ወደ ብሪታንያ የገቡት የውጭ ጎብኚዎች በቀደመው ዓመት በዚያው ወር ከገቡት አነሱ። ለውድድሩ የመጣው መጣ። ሙዚየምና ቴአትር ሊያይ ያሰበው ግን ግርግሩንና የሆቴሉን ዋጋ ፈርቶ ቀረ። የመጣውን ብቻ ቆጥሮ የቀረውን መዝለል ምን ዓይነት ሂሳብ ነው?

ሁሉም ከስሯል ማለቴ አይደለም። ሎስ አንጀለስ በ1984 ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አተረፈች። ነገር ግን ነዋሪዎቿ የከተማዋ ገንዘብ ለኦሎምፒክ ደጋሽ እንዳይሆን አስቀድመው በድምፃቸው ከልክለው ነበር። ዋናው ስታዲየምም ለ1932ቱ ኦሎምፒክ ያገለገለው፣ ያው አሮጌው ነበር። ተፎካካሪ ከተማ ስላልነበረባትም ከኦሎምፒክ ኮሚቴው ጋር መደራደር ቻለች።

እና ክቡርነትዎ፣ ውድድሩን ያምጡት፤ እኔም ጨዋታ እወዳለሁ። ብቻ ኪሳራ ቢመጣ ማን እንደሚከፍል ቀድመው በወረቀት ያስፍሩልን። እኔ ሲጋራ ስለማላጨስ የማዋጣበት ሌላ ነገር ይፈለግልኝ።